ጋሼ ወንዳፈረው የጠየቁት ስም

ጋሼ ወንዳፈረው ክፉ ሰው ነበሩ የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር። ትርፊት እባላለሁ፤ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበረኝ። እሳቸው ከሻይ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖረውባታል። የሸሚዛቸው ኮሌታ ሲያልቅ ገልብጬ ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ሲታመሙ አጥሚት አቅምሻቸዋለሁ። ስለዚህ የምለውን አውቃለሁ፤ ከመንገድ ሰምቼ አይደለም።

የመንዝ ሰው ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ለአስተማሪነት ተመድበው መጡና በዚያው ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ፣ ካኪ ኮታቸውን በጋ ክረምት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሚስት አግብተው ነበር አሉ፤ ሳይወልዱ ተለያዩ። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ስኳሩን የሚያማስሉት ፈተና እንደሚያርም ሰው ተጠንቅቀው ነው። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ጋሼ፣ ዛሬስ ማንን ሊጥሉ ነው?» እላቸዋለሁ። ቀና ብለው ያዩኝና «አንቺን» ይላሉ። የእሳቸው ቀልድ ይህችው ናት።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከመናኸሪያው ቁልቁል ያለ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ተጠረገና የህጻናት ማቆያ ተባለ። እናት አባቱ የሞቱበት፣ ወደ ሰፈራ ሲጫኑ ከወላጁ የተለየ፣ ጭራሽ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ልጅ ሁሉ እዚያ ይገባል። ኃላፊ ሲፈለግ ጋሼ ወንዳፈረው ከትምህርት ቤት ተነስተው ተመደቡ። አስተማሪነት ይወዱ ስለነበር ያዝናሉ ብዬ ነበር። ወዲያው ግን ራሳቸውን ረሱ። የራሳቸውን ብርድ ልብስ ወስደው ለልጆች አለበሱ፤ እኔ ጋ መጥተው የተረፈ ዳቦ ይለምኑኛል፤ ማታ ማታ የልጆቹ ሳል ጆሯቸው ውስጥ እየመጣ እንቅልፍ እንደሚነሳቸው ይነግሩኝ ነበር። ያ ደረቅ ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ አባት ሆነ።

አንድ ነጋዴ መጣ በዚያ ሰሞን። ዓይኑን በጨው አጥቦ «የእህቴ ልጅ ነው» ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀ። በእጁ ትኩስ ዳቦ ይዟል። ልጁ ሮጦ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ጋሼም አምነው ሰጡት። በኋላ ወሬ ደረሳቸው፤ ልጁ ከከብት ጋር እያደረ፣ እንጨት እየተሸከመ፣ በጅራፍ እየተገረፈ ነው። በእግራቸው ሄደው በጀርባቸው አዝለውት መጡ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ እህል አይቀምስም ነበር። ጋሼ ያን ሰሞን የቀዳሁላቸውን ሻይ ገፋ አደረጉት። «ትርፊት፣ እኔ ነኝ የሸጥኩት» አሉኝ። «አንድም ሳንቲም ሳልቀበል ሸጥኩት።»

ደንብ ያወጡት ከዚህ በኋላ ነው። ልጅ ልውሰድ የሚል ሰው ሁሉ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣል፤ ልጁን አያይም፤ ልጁም አያየውም። የተራበ ልጅ ዳቦ የያዘውን ሁሉ አባዬ ስለሚል ነው። ከዚያ ሰውየው የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም በአፉ ይናገራል፤ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። የውሸት ዘመድ የልጁን ስም ጠይቆ ሊያውቅ ይችላል፣ የአያቱን ከየት ያመጣል? ሦስቱን ያልተናገረ ባዶ እጁን ይመለሳል። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነበር እላለሁ። ስንቱ አጭበርባሪ ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲንተባተብ አይተን ስቀናል። ከላይ የመጡት ባለሥልጣኖችም በስብሰባ አመስግነዋቸዋል።

ገነቴ የመጣችው ክረምት ገብቶ ነው። ከአንጋጫ በኩል የመጣች የከምባታ ሴት ናት፤ ጠይም፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ባሏ ለሚሊሺያ ተወስዶ ከሰሜን አልተመለሰም። የባሏ ታናሽ ወንድም ኤሊያስ ይባላል። የኤሊያስ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን አንስታ ከራሷ ልጅ ጋር ያጠባቻት ገነቴ ናት። ልጅቷ ዳርምየለሽ ትባላለች። የገነቴ የራሷ ልጅ በኩፍኝ ሞተባትና ዳርምየለሽ ብቻ ቀረችላት። በሰባ ሰባት ኤሊያስ ለሰፈራ ሲመዘገብ ልጄን ይዤ ነው የምሄደው ብሎ ወሰዳት። ሆሳዕና ላይ ተሰብስበው መኪና ሲጠብቁ ኤሊያስ ታሞ ሞተ፤ ልጅቷ ማቆያው ገባች። ገነቴ ይህን የሰማችው ከሰፈራ ጠፍተው ከተመለሱ ሰዎች ነው። በሰማች ማግስት በእግሯ መጣች።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አደረጓት። የበሩ ዘበኛ ብሩ ነበር፤ የሀዲያ ሰው፣ ረጋ ያለ።

«የልጅቷ ስም?» አሉ ጋሼ።

«ዳርምየለሽ።»

«ያባቷ?»

«ኤሊያስ።»

«ያያቷ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«የአያቷን ስም ነው የምጠይቅሽ።»

«የቤታችን ትልቁ» አለች። «ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ አጠባሁት፣ ልጁ የኔ ነው።» አማርኛዋ እንደዚያ ነው፤ ሴቷንም ወንዱንም «እሱ» ትላለች።

«ስሙን።»

አንገቷን ደፋች። ጋሼ እንደዚያ አንገታቸውን የደፉ ብዙ ሰዎች አይተዋል፤ ሁሉም ውሸታሞች ነበሩ። አልጮሁባትም፣ ጮኸው አያውቁም። «ስሙን የሚናገር የቤተሰብ ሰው ይዘሽ ነይ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሴትየዋ ጥቂት ቆማ በበሩ ቀዳዳ ወደ ግቢው ብታይም ከጭቃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ዝናቡ ሲበረታ እኔ ጋ ገባች። ደጃፌ ላይ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሳሙና የመሰለ ትንንሽ ነገር እሸጥ ነበር። እያንጠባጠበች ቆማ መደርደሪያውን አየችና «ያንን ልብስ የሚታጠብበትን ስጪኝ» አለችኝ።

«ምኑን? ዱቄቱን ነው?»

«አይደለም፤ ድርቁን።»

ሳሙናውን አንስቼ «ይህንን?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስሙን አልጠራችውም። እኔ ያደግሁት አንጋጫ ነው፤ አባቴ እዚያ ሱቅ ነበረው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የከምባታ ሴቶች እንዲህ እየዞሩ ሲገዙ ነው ያየሁት። እዚህ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ ሌላ መጠሪያ ትፈልግለታለች። ባሊሻ ይሉታል። ክብር ነው። የጠራችው ሴት አማቷን በአደባባይ እንደሰደበች ትቆጠራለች፤ ወገኖቹም አይምሯትም።

«የባልሽ አባት ስም በዚህ ነው የሚጀምረው ማለት ነው» አልኳት ሳሙናውን እያሳየሁ። አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወዲያው ሌላ ሆነ፤ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሁሉንም ነገረችኝ። ሳሙናውን የፈለገችው ለዳርምየለሽ ነው፤ ወንዝ ዳር ወስዳ አጥባ፣ ንጹሕ አድርጋ ወደ ቤት ልታስገባት። «ቁጭ በይ፣ እኔ ለጋሼ ነግሬ አስጨርስልሻለሁ» አልኳት። እሷ ግን ሰውየው እንዳዘዙኝ ነው የማደርገው አለች። አማቷ ሞቷል፤ የባሏ አጎት፣ ሽማግሌው፣ አንጋጫ አለ፤ ወንድ ስለሆነ ስሙን ይናገራል። እሱን ይዤ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ ብላ ሳሙናውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በዝናቡ ወጣች። ጠርቻት ነበር፤ አልሰማችኝም ወይም ሰምታ አልተመለሰችም።

ሲመሽ ጋሼ ለሻይ መጡ። ገና ሳይቀመጡ ነገርኳቸው። ክው ብለው ተቀመጡ።

«ይህን ያህል ዓመት ስኖር» አሉ፣ «ማንም አልነገረኝም።»

«ማንን ጠይቀው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ያ ንዴት አልወጣልኝም። ደግ ሰው ሲሳሳት ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ተነስተው ወደ ማቆያው ሄዱ፤ እኔም ሻይ ቤቱን ለእህቴ ልጅ ትቼ ተከተልኳቸው። ብሩን ጠየቁት። ብሩ ግራ ገብቶት አያቸው። «እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው እንጂ» አለ። «ይህን የማያውቅ አለ እንዴ? ወንድ ሽማግሌ እንድታመጣ ፈልገው መሰለኝ። የእኔም ሚስት ያባቴን ስም አትጠራም።» ወይ ጣጣ። እሱ ያውቃሉ ብሎ ዝም፣ እሷ መጥራት አትችልም ዝም፣ እሳቸው ዝም ያለ ሁሉ ውሸታም ነው ብለው አመኑ።

ልጅቷን አስጠሩ። ጸጉሯ የተላጨ፣ ሆዷ ገፋ ያለ፣ ዓይኗ የገነቴን የመሰለ ልጅ ናት። ገነቴ አልወለደቻትም፣ ግን እምላለሁ፣ ዓይኗ የገነቴ ነው።

«ገነቴን ታውቂያታለሽ?» አሏት ጋሼ ጎንበስ ብለው፤ ብሩ ተረጎመ።

«እናቴ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጋሼ ራሷን ዳበስ አድርገው «ከነገ ወዲያ መጥታ ትወስድሻለች» አሏት። ወደ ቤት ስንመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏቸው አየኋቸው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ለልጅቷም ጫማ እፈልጋለሁ እያሉ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መኪኖቹ መጡ። ዘመድ ያልተገኘላቸው ልጆች ወደ ሩቅ ትልቅ ማሳደጊያ ይዛወራሉ የሚል ትእዛዝ ቀድሞም ነበር፤ ግን ከወር በኋላ ነው ተብሎ ነበር። ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው በሚል ተጣደፈ። ይዘዋቸው ሊሄዱ የመጡት ሰውዬ ጓድ ገብረ ሥላሴ ይባላሉ፤ ከላይ የተላኩ ናቸው። ባለጌ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ልጆቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እያነሱ ነው የሚጭኗቸው። የሚያበሳጨው እሱ ነው፤ ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ የምንጠላው ሰው እናገኝ ነበር።

ጋሼ ዳርምየለሽን በእጃቸው ይዘው «ይህች ትቅር፤ ዘመድ አላት፣ ነገ ትመጣለች» አሉ።

«ሦስቱን ስም ተናግራለች?»

«አልተናገረችም፤ ምክንያቱ የአገሩ ልማድ ነው። የባሏን አባት ስም መጥራት ነውር ነው።»

«ደንቡን ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ደንብ ነው ብለን ለሌላውም ማቆያ አስተላልፈነዋል» አሉ ጓድ ገብረ ሥላሴ። «ለአንድ ሰው ልማድ ብለን ከተውነው ነገ ሁሉም ልማድ አለኝ ይላል። ልጅ በዘመድ ስም ሲሸጥ ያየኸው አንተው አይደለህም?»

«ስሙን እኔ ልናገርላት። መዝገቡ ላይ አለ…»

«አንተ ዘመዷ ነህ?»

አሁን ደግሞ አንገታቸውን የደፉት ጋሼ ናቸው። እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ አፌን ብከፍት ምን ይሉኛል እያልኩ፣ ጋሼ ግን ልጅቷን ይዘው ቢሮጡ፣ ጭቃው ላይ ቢተኙ፣ አንድ ነገር ቢያደርጉ እያልኩ በልቤ እጮሃለሁ። ቀስ ብለው እጇን ለቀቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንብ አክብረው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ጠዋት ሌላ ሰው መሆን አልቻሉም።

ልጅቷ መኪናው ላይ ሆና በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ብሩ ተረጎመላቸው፤ «እናቴ መኪናው የሚሄድበት ትመጣለች ወይ?» ነው ያለችው። ጋሼ «አዎ» አሉ። መኪናው ሄደ።

ገነቴ ቃሏን አክብራ በማግስቱ ደረሰች። ብቻዋን ናት። ሽማግሌው በወባ ወድቆ ከአልጋ መነሳት አልቻለም። በእሷ ፋንታ የሚናገር ሌላ ወንድ ከቤቱ አልተረፈም፤ ሁሉም ወይ ሞቷል ወይ ጦር ሜዳ ነው ወይ ሰፈራ ሄዷል። ገበያተኛው በበሩ አጠገብ ያልፋል፤ ከአገሯ የመጡ ሴቶችም ከበሩ ጣራ ሥር ዝናቡን ተጠልለው ቆመዋል። እኔ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አየኋት። ልደርስባት ሮጥኩ፤ አልደረስኩም።

ጋሼ ከግቢው ወጡ። ከመናገራቸው በፊት እሷ ቀደመች። ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች፣ ቀና አለችና ጮክ ብላ «ዳርምየለሽ ኤሊያስ ሳዴቦ» አለች። «ሳዴቦ» የሚለውን ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የአገሯ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። አንዷ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ጋሼ ወንዳፈረው ዘመድ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ትናንት መሄዷን የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሳሙና ፈታ አየችና መልሳ ቋጠረችው።

አንጋጫ አልተመለሰችም። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ የባሏ ወገኖች አማቷን ያዋረደች ሴት ደጃችንን አትርገጥ አሉ። እኔ ጋ ቀረች። ሻይ ታፈላለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ማታ ጓዳ ትተኛለች። ጋሼ ደግሞ ከጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ናቸው። አስቡት እንግዲህ፤ በየቀኑ ሻይ የምትቀዳላቸው እሷ ናት።

ልጅቷን ፍለጋ ጋሼ ያልረገጡት ማሳደጊያ የለም። የእረፍት ጊዜያቸውን ሁሉ በአውቶቡስ ጨረሱት። አንዱ ቦታ ወደ ሌላ ተዛውራለች ይሏቸዋል፤ ሌላው ቦታ እንደዚህ የምትባል ልጅ የለችም ይሏቸዋል፤ ሌላው ቦታ በወረርሽኝ ብዙ ሞተዋል፣ ስማቸውን አልያዝንም አሉ። ሲመለሱ ገነቴ በር ላይ ቆማ ፊታቸውን ታያለች። አትጠይቅም። አይተዋት አላገኘኋትም በማለት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሻይ ልታመጣ ትገባለች።

ማቆያው ውስጥ ደንቡን ቀየሩት። በሩ ላይ አንዲት የሀዲያና አንዲት የከምባታ ባልቴት አስቀመጡ፤ የሚመጣውን ሰው በቋንቋው እያጫወቱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ጎረቤቱ የሚጠይቁት እነሱ ሆኑ። ስም ያልጠራች ሴት ከዚያ ወዲያ ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ብዙ ልጅ በዚያ በር ወደ ቤቱ ሄደ። ለዚህ ያመሰገናቸው የለም፤ እሳቸውም ስለዚህ ሲነሳ ወሬ ይቀይሩ ነበር።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሲቀረው ጋሼ ሳንባቸው ታመመ። የሚያስታምማቸው ገነቴ ሆነች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ። «ልጁን ያየው መጨረሻ እሱ ነው» አለችኝ። «እሱ ከሞተ የዳርምየለሽን ፊት ከማን ጋር አስታውሳለሁ?»

ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ሞክረዋል። አንድ ቀን ከአልጋቸው ቀና ብለው «ገነቴ» ሲሉ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። እሷ ደም የተፉበትን ሸሚዛቸውን ይዛ ልትወጣ ነበር። ቆማ ጠበቀቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልመጣም። ወደ እኔ ዞረች።

«ትርፊት፣ ሳሙና ስጪኝ» አለች።

እንዲያ ነው የምትለው የአማቷን ስም ከጠራችበት ቀን ጀምሮ፣ እንደ ማንኛችንም፣ በግልጽ። ሰጠኋት። ጋሼ ወንዳፈረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።